ቅጠሎቼን አደራ

እትዬ ሩቅያ ደረጃ መውጣት ካቃታቸው ወዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ ከአራተኛ ፎቅ የወረዱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ ሆስፒታል ሊተኙ፣ አንዴ ሊቀበሩ። ለሁለተኛ ጊዜ በወረዱበት ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጳውሎስ አካባቢ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ነጭ ጋወኔን እንኳ ሳላወልቅ በታክሲ ስበር ብመጣም፣ ድንኳኑ ተተክሎ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ነበር። የሙስሊም ቀብር ሰው አይጠብቅም።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማል። «ቅጠሎቻቸውን ትተው መውረድ እኮ አልሆነላቸውም» ይላል አንዱ። «እንዴት ብለው! ነፍሳቸው እኮ ናቸው» ትላለች ሌላዋ። የብሎካችን ሰው በዚህ ነገር በጣም ተጽናና። እውነት እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳይወርዱ እንዲቀሩ ያደረግኋቸውም ከማንም በላይ እኔው ነኝ።

እትዬ ሩቅያ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት መርካቶ ጨርቅ ሸጠዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የድሮ ሰፈራቸው ለልማት ፈረሰና በምትኩ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው፤ ዕጣው ደግሞ እኛ ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጣላቸው። በገቡ በሦስተኛው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አለ። በብረት መደገፊያ ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከበራችን ፊት ያለውን በረንዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱበታል። ከደረጃ ጋር ግን ተለያዩ። ሊፍት የለንም። ስልሳ አራት ደረጃ ነው፤ የቆጠሩት እሳቸው ናቸው፣ በእግራቸው ሲወጡ በነበረበት በዚያ ሦስት ወር። ልጃቸው ከድር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ብቅ ብሎ፣ ቤታቸውን በአስቤዛ ሞልቶ ይሄዳል።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው፣ ሁላችንም በሽተኛ እንደምንጠይቀው፣ ብርቱካን አንጠልጥዬ ነው። ፌስታሉን ተቀብለው ከፍተው አዩት።

«አላህ ይስጥሽ። ብርቱካን ግን ዛሬ ተበልቶ ያልቃል» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ ስትመጪ ምንም አትግዢ። ከምትውይበት ቦታ አንድ ቅጠል ቀንጥበሽ አምጪልኝ።»

«ምን ዓይነት ቅጠል?»

«ቀለም ያለው። አበባ እንዳታመጪ ታዲያ።»

«አበባ ምን አጠፋ?»

«አበባ የሠርግ ልብስ ነው። አንድ ቀን ይለበስና ሣጥን ይገባል። እኔ እዚህ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ ነው የማየው። የዘወትር ልብስ ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ ነው የወጣሁት። ቢሆንም በማግስቱ ከመድኃኒት ቤታችን ጎን ካለው ካፌ በር ላይ፣ መሀሉ ወይን ጠጅ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ከነግንዱ ቀንጥቤ በሶፍት ጠቅልዬ አመጣሁላቸው። ሰዎች ኮሊየስ ይሉታል፤ እሳቸው ጉራማይሌ ነበር የሚሉት። ውሃ ባለው ብርጭቆ አስቀመጡት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ሥር አወጣ። ከዚያ ከወገቡ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተከሉት። ታቹን በጋለ ምስማር የበሳሁላቸው፣ አፈሩንም ስልሳ አራቱን ደረጃ እያለከለክኩ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።

የጠየቃቸው ሰው ሁሉ ያንኑ ትእዛዝ ይቀበላል። ዓመት ሳይሞላ የበረንዳው ብረት አጥር ከዳር እስከ ዳር በጀሪካን፣ በቀለም ባልዲና አንገቱ በተሰበረ እንስራ ተሞላ። ተክሎቹን የሚጠሯቸው በመጡበት ቦታ ነው። «የጳውሎሱ ዛሬ ውሃ ጠምቶታል» ይላሉ። «የሜክሲኮዋ ባልዲው ጠቧታል፣ መከፈል አለባት።» ከድር ከመንገድ ያመጣላቸው ደግሞ የአዳማው፣ የሻሸመኔው ነበር። እግራቸው ያልረገጠውን አገር ሁሉ በረንዳቸው ላይ አሰባስበው ቁጭ አሉ።

አመራረጣቸውን እስካሁን አልረሳውም። አዲስ ቅጠል ሲመጣ አምፖል ስር አያዩትም፤ ይዘውት ወደ አጥሩ ብርሃን ይወጣሉ። ጨርቅ እንደሚያስተያዩት ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው እየወሰዱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያስጠጉታል። «ይሄና ይሄ ይጣላሉ» ይላሉ፣ ወይም «እሺ፣ ይሄ ታናሽ ወንድሙ ነው።» አንድ ባልዲ ውስጥ ሦስት ይተክላሉ። «አንዱ ይቁም፣ አንዱ ይሙላ፣ አንዱ ይውረድ።» የሚቆመው ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የሾለው ነው። መሀሉን ጉራማይሌው ይሞላል። ከጠርዙ ላይ ደግሞ ያ ሐምራዊ ተንጠልጣይ ይወርዳል። ከሦስቱ ጯሂ ቀለም ያለው አንድ ብቻ ነው መሆን ያለበት፤ ሁለቱ ዝምተኞች ሆነው እሱን ያሳዩታል። ጉራማይሌው አበባ ላውጣ ብሎ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ደግሞ ያለ ርኅራኄ በጥፍራቸው ይቀነጥሱታል። አበባ ካወጣ ቅጠሉ ይሰንፋል፣ ቀለሙም ይገረጣል ይላሉ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ነበር።

በሳቸው ምክንያት ያልሆንኩት የለም። አንድ ሆቴል በር ላይ ቅጠል ስቀነጥስ ጥበቃው ያዘኝ።

«እመቤት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እ... ማለቴ፣ የታመሙ ጎረቤት አሉኝ።»

«መድኃኒት ነው?»

«አዎ» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ እንግዲህ። ሰውዬው አዝኖ ሁለት ጨመረልኝ። ለእትዬ ሩቅያ ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና ያንን ተክል «ዘበኛው» ብለው ጠሩት።

አንድ እሑድ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ልሄድ ስነሳ ግን አስጠነቀቁኝ። «እዚያ እንዳትነኪ! እዚያ ያለው የሁሉም ነው። አይተሽ ብቻ ንገሪኝ።» ማታ ተመልሼ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «በጣም ያምራል፣ አረንጓዴ ነው» አልኳቸው። ተቆጡ። በእውነት ተቆጡ።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ?»

«እንዴ፣ አረንጓዴ ነዋ።»

«እኔ ሱቅ ውስጥ አሥራ አንድ አረንጓዴ ነበረኝ! አንቺ እግር አለሽ፣ ተራራ ወጥተሽ፣ በዓይንሽ አይተሽ፣ አረንጓዴ ነው ብለሽ ትመጫለሽ?»

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ ሄጄ፣ እየጻፍኩ፣ የወይራውን አመድማ፣ የኮሶውን፣ የሣሩን፣ ጥላ ውስጥ ያለውን ለብቻ፣ ፀሐይ ያገኘውን ለብቻ፣ ይዤላቸው መጣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

ስለ ራሳቸው ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በቅጠሎቹ መሀል ቁልቁል ያያሉ። «ሰውን በአናቱ ነው የማውቀው» ይሉ ነበር። «ያኛው መላጣ ሰዓት አክባሪ ነው። ያቺ ቢጫ ሻሽ ዛሬ ከባሏ ተጣልታለች፣ አረማመዷን እዪው።» ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሲያስቸግራቸው ጋቢ ይደርባሉ እንጂ አይገቡም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታች ሴቶቹ ተሰባስበው በርበሬ ሲቀነጥሱ እያዩ፣ «መደርደሪያ ላይ የቀረ ጨርቅ ሆንኩ እኮ አስቴር፤ ሁሉም ቀና ብሎ ያየኛል፣ የሚያወርደኝ ግን የለም» አሉ።

የሚያወርድ ግን ተገኘ። ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ተስፋዬ፣ የመኪና ጭስ ሚስታቸው ላይ አስም ስላስነሳባት፣ ቤት እንለዋወጥ አሉ። እሳቸው አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ ሩቅያ ግራውንድ። ከድር በደስታ ሊበር ደረሰ። ለእትዬ ሩቅያ እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ችግሩ የጋሽ ተስፋዬ መስኮት ኮረብታው ተቆርጦ የተሠራውን የድጋፍ ግንብ ነው የሚያየው፤ እኩለ ቀን ላይ መብራት ይበራል።

«ጨርቅ ሳስመጣ መጀመሪያ አንድ ክንድ ቆርጬ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር የማየው» አሉ እትዬ ሩቅያ። «ቤቱንም እንደዚያ ልየው። የጳውሎሱን ውሰጂና እነ ተስፋዬ መስኮት ላይ አንድ ወር አስቀምጪልኝ። ቀለሙን ከያዘ እወርዳለሁ።»

አወረድኩት። በሳምንቱ ወይን ጠጁ መደብዘዝ ጀመረ። ፈተናው ሊወድቅ ነው። እኔ ደግሞ ሴትዮዋ እንዲወርዱ ልቤ ቆርጧል። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ስሄድ ጀሪካኑን ይዤ ወጥቼ ከዋናው በር አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ማታ ስመለስ መስኮቱ ላይ እመልሰዋለሁ። የጋሽ ተስፋዬ ሚስት ትስቅብኛለች። ወሩ ሲሞላ ኮርቼ ይዤው ወጣሁ።

እትዬ ሩቅያ ግንዱን በሁለት ጣታቸው አንዴ ብቻ ዳሰሱት።

«ይሄ ቤት ውስጥ አልነበረም።»

«ኧረ እዚያው ነው የነበረው!»

«አስቴር፣ መስኮት ላይ ያደገ ቅጠል ወደ መስኮቱ ያጎነብሳል። ይሄ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ዙሪያውን ፀሐይ ሲጠጣ ነው የከረመው።»

መጀመሪያ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሄደ።

«እንድወርድ ፈልገሽ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እኔም እፈልጋለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጉልት ቆሜ ሽንኩርት በእጄ መምረጥ እፈልጋለሁ። አምስት ዓመት ሰው የመረጠልኝን ሽንኩርት ነው የበላሁት።»

«ታዲያ ይውረዱዋ!»

«እነዚህን ምን ላድርጋቸው? ሰው ከየቦታው ተሸክሞ ያመጣልኝ ነው። ጨለማ ውስጥ አስገብቼ ልግደላቸው? ምን ይሉኛል?»

«ይስጧቸው።»

«ለማን? ለሰጠኝ ሰው ስጦታውን ልመልስለት? ወይስ ያንዱን ላንዱ ልስጥ?»

«እሺ ታች፣ በሩ ላይ ይደርደሩ።»

«ልጆቹ በኳስ በሳምንት ይጨርሷቸዋል።»

ተናደድኩባቸው። ለአንድ ባልዲ ቅጠል ብሎ ሰው ራሱን አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅሎ ይቀራል? ግን ሰው እንዳይከፋው ስል አንድም ቀን እምቢ ብዬ የማላውቀው እኔ፣ በምን አፌ ልገሥጻቸው? እትዬ ሩቅያ እስኪያስቡበት ጋሽ ተስፋዬን እስከ መስከረም እንዲታገሷቸው ለመኗቸው። ጋሽ ተስፋዬም እሺ አሉ።

ሐምሌ ላይ የሳንባ ምች ያዛቸውና ሆስፒታል መተኛት ግድ ሆነ። አራት ጎረምሶች በዚያው በፕላስቲክ ወንበራቸው ተሸክመው አወረዷቸው። በየፎቁ በሩ ሁሉ ተከፍቶ ሰው ቆሞ ነበር። እሳቸው ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ «ቅጠሎቼን አደራ» አሉ። ሁለተኛ ፎቅም ላይ አሉ፣ አንደኛም ላይ፣ ግራውንድም ላይ። ላገኙት ሰው ሁሉ በልማድ የሚባል ዓይነት ነበር። ሰሚው ግን እያንዳንዱ ለብቻው አደራ ተቀበለ።

ውሃ ወደኛ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። እንዲያም ሆኖ የብሎካችን ሰው ከየቤቱ በርሜል እየቀዳ፣ አራት ፎቅ እየወጣ አጠጣ። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት፣ አንዱ ከሥራ ሲመለስ። ማንም ለማንም አልተናገረም፤ አደራ ለሰው አይወራማ። እኔ ራሴ በየማለዳው አፈሩን እርጥብ ሳገኘው ጣራው አፍስሶ ነው ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ደንግጠን ውሃ ጠማቸው አልንና ጨመርን። እትዬ ሩቅያ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲመለሱ ግንዶቹ ጠቁረዋል፣ በረንዳው የበሰበሰ ሥር ይሸታል።

ጎረምሶቹ ወንበሩን ቅጠሎቹ ፊት አስቀመጡት። ሁላችንም ከኋላ ቆመናል። ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ማነው ያጠጣው?»

«እኔ፣ በቀን አንድ ጆግ ብቻ...» አለች የሁለተኛ ፎቋ።

«እኔም...» አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

«እንዴ! እኔም እኮ...»

እርስ በርስ ተያየን። እትዬ ሩቅያ ሳቅ ጀመሩ፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳቁ። «በዚህ ውሃ በሌለበት!» አሉ። «አላህ ይስጣችሁ።» ከዚያ ገቡና በራቸውን ዘጉ። ሁለት ቀን አልከፈቱትም። ምግብ ስወስድላቸው በጠባቡ ገርበብ አድርገው ይቀበሉኛል፣ መጋረጃው ወርዷል። ኀዘን ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህች ሴት በዚህ ሐሳብ ትሞትብናለች ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል። ከቤት ቤት ዞርኩ። መጀመሪያ ቅጠል ያመጣ ሁሉ ካመጣበት ቦታ እንደገና እንዲያመጣ ጠየቅሁ። ሁሉም ጥፋተኝነት ስለተሰማው እምቢ ያለኝ የለም። ሥር ያለውን ለመንን፣ ገዛን። ሆቴሉ ጋ ሄጄ ለዚያው ጥበቃ እውነቱን ነገርኩትና ከነአፈሩ ቆፍሮ ሰጠኝ። ከድር ከደቡብ ሲመለስ እንደ ትሪ የሰፉ ቀያይ ቅጠሎች ጭኖ፣ እናቱ ጋ ሳይገባ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ጋሽ ተስፋዬ አፈሩን በትከሻቸው አወጡ። በአንድ እሑድ፣ እትዬ ሩቅያ ቤት ውስጥ ሲሰግዱ ጠብቀን፣ ሁሉንም በየቦታው ደረደርን። አንዱ እንዲቆም፣ አንዱ እንዲሞላ፣ አንዱ እንዲወርድ አድርገን። ከድሮው በለጠ እንጂ አላነሰም።

ጠራናቸው። መደገፊያቸውን ይዘው ወጡ። ሲያዩት እጃቸው የበሩን መቃን ያዘ። እኛ አጨበጨብን፣ አንዷ እልል አለች። «አላህ ይስጣችሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት።

«እንግዲህ የመውረዱ ነገር አበቃ ማለት ነው!» አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ የእጃቸውን አፈር እያራገፉ፣ እየሳቁ።

ሁላችንም ወደ እትዬ ሩቅያ ዞርን። እሳቸውም እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አዩን። «አበቃ እንጂ፤ ምን ቀረ ብለህ» አሉና ፈገግ አሉ። በመስከረም ጋሽ ተስፋዬ ከሦስተኛ ፎቅ ቤተሰብ ጋር ቤት ተለዋወጡ።

እውነቱን የነገሩኝ ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እኔ አበባ ሊያወጡ ያሰቡትን እየቀነጠስኩ፣ እሳቸው ተቀምጠው እያዩኝ፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ «ያኔ ቅጠሎቹን ባንተካልዎ ኖሮ ምን ይውጥዎ ነበር?» አልኳቸው።

የቀነጠስኩትን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ከሆስፒታል መጥቼ ሞተው ሳያቸው ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?»

«ምን አሉ?»

«በሆዴ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ማንንም ሳላስቀይም መውረጃዬ መጣ አልኩ።»

መቀንጠሱን ትቼ ዞርኩ።

«ያን ሁለት ቀን በሬን ዘግቼ ዕቃዬን ስቋጥር ነበር» አሉ። «ድስቶቼን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ብርጭቆዎቹን ሁሉ ካርቶን ከትቼ ጨርሼ ነበር። ከድር ሲመጣ ልነግረው ነበር። ለተስፋዬም።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ አስቴር? ስታጨበጭቡ?»

ባልዲዎቹ መሀል መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሄጄ ግራውንድ የገቡትን የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች አሁኑኑ ላናግር አልኩ፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልኩ። እምቢ አሉ። ሰዎቹ ገብተው ተደላድለዋል፣ ልጆቻቸውም ለምደውታል፤ ተነሡ ማለት ነውር ነው አሉኝ። እንባዬን ሲያዩ ደግሞ ጭራሽ እኔን ማባበል ጀመሩ፣ መነገር ያልነበረበትን ነገር የተናገሩ ይመስል።

«ተይ በቃ፣ ለኔ ብላችሁ እኮ ነው» አሉኝ። «ይልቅ ፀሐዩ ሳይከር አጠጪልኝ። ከሥሩ ነው ታዲያ፣ ቅጠሉን እንዳታረጥቢው።»

ጆጉን አነሣሁና ከአንደኛው ባልዲ ጀምሬ አጠጣሁ።